የሰፈሩ ለስላሳ

ቀረጥ ሲጨመር ሰው መግዛት ይቀንሳል ይላሉ ዐዋቂዎች። ይሉኝታ በሌለበት አገር እውነት ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ሰው የሚቀንሰው መጠጣቱን ነው እንጂ ማቅረቡን አይደለም። ያላቀረበ ቤት "እንግዳ አያውቅም" ይባላል፤ ይህን ስም ደግሞ ማን ይፈልጋል?

በሃምሳዎቹ ዓመታት ነው። ከደሴ ተነሥቼ ቆቦ ለአስተማሪነት በተመደብኩ ሰሞን ስኳር ላይም ለስላሳ ላይም ቀረጥ ተጨመረ። ባለሱቁ አዲሱን ዋጋ ሲነግረን የራሱን ጥፋት የሚናገር ይመስል አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔም ለስላሳ መግዛቴን ተውኩና ነገሩን ረሳሁት። ሐሳቤ ሁሉ ሰናይት ላይ ነበር፤ የማሽላ ነጋዴው የአቶ አድማሱ ልጅ ናት። አባቷም ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ "መምህር፣ እስቲ ቤት ጎራ በል" አሉኝ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ሊያዩኝ ፈልገዋል ማለት ነው። ሰናይትን ማግኘቴም ማጣቴም በዚያች ጉብኝት የሚወሰን ነበር።

የቆቦን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ለሚቀጥለው ነገር ይፈርድልኛል። ጉሮሮዬ ደርቆ ገባሁ። የሰናይት እናት አንድ ለስላሳ በሳህን አቀረቡልኝ። "ኧረ ምን አስቸገራችሁ" አልኩ፤ ይህቺን እንኳ አላጣኋትም። "በሞቴ" አሉ። የሰው እናት ሞት ቀላል ነገር ነው? እሺ አልኩ። መክፈቻ ቢፈለግ ጠፋ። ቆርኪው ዳር ዳሩን ዝጓል፤ ጠርሙሱም በብዙ እጅ ተዳብሶ ጽሑፉ ለቋል። ዐይን ያለው ሰው በዚህ ይነቃ ነበር። እኔ ግን ጉብዝናዬን ላሳይ ብዬ ቆርኪውን በጥርሴ ነቀልኩና እስከ ታች አንደቀደቅሁት።

አቶ አድማሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ሰናይት የጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዚህ መሐል ጎረቤታቸው እትዬ ዘይነባ በጓሮ በር ብቅ አሉና "እቴ፣ ያችን ለስላሳዬን ስጭኝማ፣ ከጎብዬ እንግዳ መጥቶብኛል" አሉ። ቀጥሎ ባዶውን ጠርሙስ እጄ ላይ አዩት። "አብሽር ልጄ፣ ይጣፍጥህ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ከቀረጡ በኋላ በሰፈሩ ለስላሳ የገዙት እትዬ ዘይነባ ብቻ ናቸው፤ የገዟትም አንዲት ጠርሙስ ናት። እንግዳ የመጣበት ሁሉ ይዋሳታል፤ ያቀርባታል፤ እንግዳው "በቃኝ" ይላል፤ ትመለሳለች። ክርስቲያኑም እስላሙም ተከብሮባታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል እንጂ እሷስ ስንቱን ቤት አድምቃለች። "በሞቴ" ሲባልም እንግዳው እስከ መጨረሻው እምቢ እንደሚል ታውቆ ነው። ይህን የማያውቅ በቆቦ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ እሱንም ለአማችነት ጠሩት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ እያልኩ ወጥቼ ወደ ባለሱቁ ሮጥኩ። የሚገዛው ስለጠፋ ማምጣቱን ትቷል። በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ጎረቤት ከተማ ሮቢት ወረድኩ፤ እዚያ አንዲት አገኘሁ። እንደ ዕንቁላል አቅፌያት ስመለስ ከራሴ እስከ እግሬ አቧራ ለብሻለሁ፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። የእትዬ ዘይነባ እንግዳ ምንም ሳይቀርብለት ሄዷል።

እትዬ ዘይነባ ተጠርተው ጠርሙሷን ላስረክብ ስል አቶ አድማሱ "መንገደኛ ነው፣ ለሱ ይከፈትለት" አሉ። "በቃኝ" አልኩ። እናትየዋ "በሞቴ" አሉ። "በቃኝ።" እትዬ ዘይነባ "በነቢ" አሉ። "በቃኝ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት።" የሁሉም ፊት በራ። ውሃ አቀረቡልኝ፤ ውሃውንም በቃኝ አልኩ። እንጀራ መጣ፤ እሱንም በቃኝ። ከሀፍረቴ የተነሣ ሌላ ቃል አልቀረልኝም ነበር።

አቶ አድማሱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ ለካ ጨዋ ልጅ ነህ። እንግዲህ ሰናይትን ከወደድካት ሽማግሌህን ላክ፤ አናስቸግርህም" አሉኝ።

እኔም አንገቴን እንደ ደፋሁ "ኧረ ግድ የለም፣ በቃኝ" አልኳቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይለምኑኛል ብዬ ቀና ሳልል ጠበቅሁ። ለጠርሙስ ያን ሁሉ የለመኑኝ ሰዎች፣ ለልጃቸው ግን አንድ ጊዜም "በሞቴ" አላሉኝም።