የፎርም አባት

በኔዘርላንድ የሚኖር አበሻ ሁሉ ሦስት አባት አለው። አንደኛው የወለደው ነው፤ አገር ቤት ሆኖ «መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል። ሁለተኛው የነፍስ አባቱ ናቸው፤ እሳቸውም እሑድ እሑድ «የት ጠፋህ?» ይላሉ። ሦስተኛው የፎርም አባቱ ነው። እሱ ምንም አይልም። መነጽሩን ከግንባሩ ያወርድና እጁን ይዘረጋል፤ ወረቀትህን ትሰጠዋለህ።

የነፍስ አባት ያለ ፈቃድ እንደማይቀየር ሁሉ የፎርም አባትም አይቀየርም። የተጻፈ ሕግ የለም፤ ግን ሞክረህ እየው።

አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት የሚባለው ሠፈር ውስጥ ሁለት የፎርም አባቶች አሉ ይባላል፤ ከአንድ ገበያ ሽንኩርት ይገዛሉ፣ ሰላም አይባባሉም። የሮተርዳሙ ደግሞ ግብር ላይ ጎበዝ ቢሆንም ቪዛ ላይ ደካማ ነው አሉ። ከዴንሃግ እስከ ራይስዋይክ ያለውን ሀገረ ስብከት ግን የያዙት መጋቤ ፎርም ጋሽ አዘዘ ናቸው።

ጋሽ አዘዘ ሮተርዳም ወደብ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በፈረቃ ሠርተው ጀርባቸው እምቢ ሲላቸው ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ከዚያ ሁሉ ዘመን ይዘውት የወጡት አንድ ትምህርት ነው። «ኮንቴይነር ያለ ወረቀት ንቅንቅ አይልም። ሙዝ እንኳ ወረቀት አለው። ሰው ከሙዝ ያንሳል?» ይላሉ። ይህን ከአፋቸው ያልሰማ ሰው ራይስዋይክን አያውቃትም።

ልዩ ሙያቸው የአጭር ጊዜ ጉብኝት ቪዛ ነው፤ ያቺ ዘጠና ቀን ሲሞላት የምታልቀው። ጳጉሜን አምስት ቀን የተወለደች አክስት ፎርሙ ላይ ወር አጥታ ስትቸገር ወር የሚሰጧት እሳቸው ናቸው። የኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚመልሱት በጣታቸው ነው፤ ስልክ አያምኑም። «ስልክ መቼ ጾሞ ያውቃል? ወሩን በምን ይቆጥረዋል?» ይላሉ። ባዶ ሳጥን ካዩ እንቅልፍ የላቸውም። «ባዶ ሳጥን ጠላት ይገባበታል።»

ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቁት በአንድ ጥያቄ ነው። ማመልከቻህን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ማሰሪያው የታለ?» ይላሉ። ቪዛ ሰጪው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ እንግዳው መጥቶ እንዳይቀር። ስለዚህ እንግዳውን ወደ አገሩ መልሶ የሚጎትተው ገመድ መታየት አለበት። ጋሽ አዘዘ ማሰሪያ የሚሉት ያንን ገመድ ነው።

ገድላቸው የእማማ ወለተጊዮርጊስ ፎልደር ነው። የሰባ ዓመት እናት፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ። ጋሽ አዘዘ በስልክ፣ «እማማ፣ እዚህ መጥተው ቢቀሩ እዚያ ምን ይጎድላል?» ብለው ጠየቋቸው።

«ምን ይጎድላል ትለኛለህ? የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ድንኳኑ እሱ ውስጥ፣ ብረት ድስቱ እሱ ውስጥ። እኔ ከቀረሁ ሰዉ ሬሳውን ይዞ ይቁም?»

ጋሽ አዘዘ ይህችን ቃል በቃል አስተረጎሙ፣ የዕድሩን ማህተም አስመትተው አያያዙ። ቪዛው ተመታ። ከዚያ ወዲህ፣ «ዕድር የሌለው ሰው እንዳታመጡብኝ» ማለት ጀመሩ።

ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያም አይቀሩም። ከቤተሰቡ ቀድመው፣ ከብረቱ አጥር ተጠግተው ይቆማሉ። እናት ከበሩ ብቅ ስትል መጀመሪያ አንቃ የምትስመው እሳቸውን ነው፤ ልጄ ወፍሮብኝ ነው ብላ። ጋሽ አዘዘ ተሳሳትሽ አይሉም። እስኪበቃቸው ይሳማሉ። ከዚያ ወደኛ ዞረው፣ «ቪዛዬ መጣች» ይላሉ።

እንዲህ ተከብረው ሲኖሩ ነው ሴንቲል የመጣባቸው።

ሴንቲል ከቼናይ የመጣ ህንዳዊ ነው፤ ራይስዋይክ ባለ አንድ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። እግዜር ሲፈትን ደግሞ ጋሽ አዘዘ ያሉበት ፎቅ ላይ፣ ሁለት በር አልፎ ይኖራል። ባለፈው ዓመት የሚስቱን ወላጆች በአንድ ማመልከቻ፣ ያለ ምንም ጥያቄ አምጥቶ ዘጠና ቀን አስቀምጦ ሸኝቷል። ይህን የምታውቀው ሐምራዊት ናት፤ የቢሮ ባልደረባው፣ የጋሽ አዘዘ ባለቤት የእትዬ ማናለብሽ የክርስትና ልጅ። ሐምራዊት አክስቷን የትነበርሽን ለመስከረም ልታመጣ ፎልደሯን ለጋሽ አዘዘ ሰጥታ ነበር።

አንድ ቅዳሜ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ፎልደሩን ልውሰደው» አለች።

«ወዴት?»

«ሴንቲል ያየዋል። እሱ ሁሉን ነገር በሠንጠረዥ ነው የሚሠራው። ያንተ ደብዳቤ ደግሞ ትንሽ ይረዝማል።»

ሐምራዊት እዚህ ስላደገች «አንተ» ነው የምትላቸው። ጋሽ አዘዘ «አንተ»ን ዓመታት ታግሠዋል። «ይረዝማል»ን ግን አልታገሡም።

«ህንድ አገር ዕድር አለ?» አሉ።

«ዱ ኖርማል፣ ጋሼ» አለች፤ የአገሬው ሰው ቅጥ ያጣውን የሚገሥጽበት ቃል ነው። ፎልደሯን በብብቷ ይዛ በጋለሪው፣ በፎቁ የውጪ መተላለፊያ ላይ፣ ሁለት በር አልፋ ሄደች። ጋሽ አዘዘ በኩሽና መስኮት አይተው ቆጠሩት፤ ሁለት በር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሻሻ በቀን ሦስት ጊዜ ማውጣት ጀመሩ። በሴንቲል በር ፊት ሲያልፉ ቀስ ይላሉ። በአንድ ሳምንት ሦስት አበሻ ፎልደር ይዞ ሲገባ አዩ፤ አንዱማ ሲያያቸው ሌላ ደብር እንደሄደ ምእመን አንገቱን ደፋ።

«ቤቱ ጸድቷል፣ የምትጥለው አጣህ» አሉ እትዬ ማናለብሽ። «በል ቅናቱን ጣለው።»

«ማን ቀና? በሱ ልቀና?»

«አይ፣ ማንም አልቀናም። የሙዝ ልጣጭ ብቻ ይዞ ሦስት ፎቅ የሚወርድ ሰው አየሁ እንጂ።»

ሴንቲል በዚያው ሰሞን ለእናቱ ያመለክት ነበር። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ እዚህ አጠገቧ የሚቀመጥ ዘመድ የላትም። እናቱ ለወሊዱ እንዲደርሱ ነው ጭንቁ። ሐምራዊት ማመልከቻውን በስልኳ አንስታ ለጋሽ አዘዘ አሳየቻቸው፤ እንዲማሩበት ብላ፣ ልቧ ንጹሕ ነው። የአውሮፕላን ቦታ በሰማያዊ፣ ኢንሹራንስ በብርቱካንማ፣ የየቀኑ ፕሮግራም በአረንጓዴ።

«ይኼ ፎርም ነው የሠርግ ካርድ?» አሉ ጋሽ አዘዘ። ግን ስልኩን አልመለሱም። «ቀን አራት፣ የአበባ እርሻ ጉብኝት በብስክሌት። እናቱ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ስልሳ ስምንት።»

«ብስክሌት ይነዳሉ?»

«ቱሪስት ናቸዋ፣ ጋሼ።»

በማግሥቱ ጋሽ አዘዘ ባለቀለም እስክሪብቶ ሲገዙ ታዩ። ለልጅ ልጅ ነው አሉ። የልጅ ልጅ የላቸውም።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሐምራዊት ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። «የሴንቲልን እናት ከለከሏቸው።»

እውነቱን እንናገር፤ ጋሽ አዘዘ ደስ አላቸው። ደስታው ፊታቸው ላይ እንዳይታይ ዳቦ መቁረስ ጀመሩ፤ ያንኑ ዳቦ አራት ጊዜ ቆረሱት። «ቀለም» አሉ በመጨረሻ። «ቀለም አበዛ።»

«እስቲ አንብበው» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው።

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ከሳጥኖቹ መካከል አንዷ ላይ ኤክስ ተደርጎባታል። አጠገቧ የተጻፈው፣ የቪዛው ጊዜ ሳያልቅ ወደ አገርዎ ለመመለስ ያለዎት ሐሳብ አጠራጣሪ ሆኖ ተገኝቷል፣ ይላል።

ዳቦው እጃቸው ላይ ቀረ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ያውቋታል። መኝታ ቤታቸው ካለው ቁም ሣጥን፣ ከታችኛው መሳቢያ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልላ አለች። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ጋሽ አዘዘ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ፎርም የሞሉት ለእናታቸው ነበር። እናታቸው ደብረ ብርሃን የጽዋ ማኅበር መሪ፣ ሙሴ የሚባሉት፣ ነበሩ፤ የታመመ ወንድም ያስታምሙ ነበር፤ አሥራ አንድ የክርስትና ልጅ ነበራቸው፤ ያለሳቸው የሠፈሩ ሙግት አይታረቅም። ጋሽ አዘዘ ይህን ሁሉ የትም አልጻፉትም። ፎርሙ አልጠየቃቸውማ። ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ «ጉብኝት» ብለው ጻፉ፣ አንድ ቃል። ሁለተኛውን ፎርም ሳይሞሉ እናታቸው አረፉ።

ማሰሪያ የሚለው ነገር ከዚያ የመጣ ነው። እኛ ቀልድ መስሎን ስንስቅበት ኖረናል።

«ልጁን ጥሪው» አሉ።

ሴንቲል በካልሲ ገባ፤ ጫማውን ደጅ አውልቋል። ጋሽ አዘዘ ይህን አዩ፣ ሐምራዊትን ደግሞ ከነጫማዋ አዩ። በቀጥታ ወደ ነገሩ ገቡ። «ማሰሪያው የታለ በይው።»

«ምን ብዬ ልተርጉመው? ገመድ ልበለው?»

«እናትህ መጥተው ቢቀሩ እዚያ ምን ይጎድላል በይው።»

ሴንቲል አሰበ። ቤት አላቸው አለ። ጋሽ አዘዘ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቤት ማንም አለው። ጡረታ አላቸው አለ። ጡረታ ተከትሎ ይመጣል። እህት አላቸው አለ። እህት ስልክ አላት። ሴንቲል እንደ ማፈር ብሎ ፈገግ አለ። «በመንገዳችን ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቤተ መቅደስ አለች። ሲነጋ የምትከፍታት፣ መብራቷን የምታበራላት እናቴ ናት። ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ግን ይኼ ከቪዛ ጋር ምን አገናኘው?»

ሐምራዊት ተርጉማ ሳትጨርስ እትዬ ማናለብሽ ከኩሽና፣ «እማማ ወለተጊዮርጊስ» አሉ።

ሥራው ተጀመረ። ብስክሌቱ ወጣ። ወሊዱ ገባ፣ እውነቱ እንዳለ፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር። ከዚያ ጠብ ሆነ፤ ጋሽ አዘዘ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ካልተጻፈ አሉ፣ ሴንቲል ከሠንጠረዥ ውጪ አንዲት መስመር አልጽፍም አለ። በኋላ የጋሽ አዘዘ ቃል በሴንቲል ሠንጠረዥ ውስጥ እንዲገባ ታረቁ። ጋሽ አዘዘ ባለቀለም እስክሪብቷቸውን አወጡና፣ «ይቺን በቢጫ» አሉ። የቤተ መቅደሱ ሽማግሌዎች ቼናይ ላይ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጋሽ አዘዘ በቪዲዮ ስልክ አይተው፣ «ማህተሙ ደብዝዟል፣ ድገሙት» ብለው አስደገሟቸው። እናትየውም ማመልከቻውን ለማስገባት ሁለተኛ ጊዜ ተሰለፉ።

ልጁ ሊወለድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቪዛው ተሰጠ። የሕንጻው ሰው ሁሉ፣ «ጎበዝ ሴንቲል» አለ። ጋሽ አዘዘ ለሁለት ቀን ከሰው አልተነጋገሩም።

ስኪፖል ግን ቀድመው ተገኙ፤ ከብረቱ አጥር ተጠግተው። በሩ ተከፈተ። አጠር ያሉ ሴት፣ በአረንጓዴ ሳሪ ላይ የወንድ ሹራብ ደርበው ወጡ። ጋሽ አዘዘን አለፏቸው። አልተሳሳቱም፤ በቀጥታ ወደ ልጃቸው ሄዱ። ሴንቲል ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ እግራቸውን ነካ።

«እግር» አሉ ጋሽ አዘዘ በሹክሹክታ። «እኛ ጉልበት ላይ ቆምን፣ እነሱ እግር ድረስ ወረዱ። በዚህም በለጡን።»

«ዝም በል» አሉ እትዬ ማናለብሽ፤ ክንዳቸውን ግን አልለቀቁም።

ሴንቲል ለእናቱ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገራቸው፣ ጋሽ አዘዘን እያሳየ። ሴትየዋ ወገባቸው ላይ ከተሸጎጠው ጨርቅ ውስጥ ትልቅ የነሐስ ቁልፍ አወጡና ዘረጉላቸው። የሴንቲል ፊት ደም መሰለ።

«ይዛው መጣች» አለ፤ ሐምራዊት ተረጎመች። «ደብዳቤው ላይ ቁልፉ እኔ ጋ ነው ተብሏል፤ ሲያስገቡኝ አሳዪን ቢሉኝስ ብላ። ከጠዋት ጀምሮ ሠፈሩ ሁሉ እየደወለልኝ ነው። መቅደሱ ተቆልፏል።»

እትዬ ማናለብሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ አዘዘ አልሳቁም። ቁልፉን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት፣ አገላብጠው አዩት፤ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ገልጠው ባነበቡት። ከዚያ በሁለት እጃቸው መለሱላቸው፤ ሲመልሱም ጎንበስ አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ እምቢ ያለው ጀርባ እንደገና ጎንበስ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። እግር ድረስ አልወረዱም። ጉልበታቸውን ሳሙ፣ እንደ አገራቸው፣ እንደ እናት ጉልበት።

ጀርባቸው እዚያው ቀረ። ሴንቲል በአንድ ወገን፣ ሐምራዊት በአንድ ወገን ይዘው አቃኗቸው።

ወደ ባቡሩ ሲወርዱ ሐምራዊት ወደኋላ ቀረት አለችና ከቦርሳዋ ፎልደር አወጣች፤ የአክስቷ የየትነበርሽ። ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሽ አዘዘን «አንተ» እንጂ ሌላ ብላቸው አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስትሰማ ያደገችውን ቃል ፈልጋ አገኘች፤ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

ጋሽ አዘዘ ቆሙ። ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፤ እሳቸው አልቸኮሉም።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና እጃቸውን ዘረጉ። «ማሰሪያው የታለ?»