እትዬ በዛብሽ ሳይመዘግቡ አያልፉም

መንግሥት ለሕፃናት ያወጣው ፕሮግራም ሁሉ በየከተማው በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ የቆመ ነው። ሚኒስቴሩ ያቅዳል፣ ክልሉ ያጸድቃል፣ ዞኑ ስብሰባ ይጠራል፣ ወረዳው የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ከደጅ ደጅ እየዞረች «ተመዝግቧል?» ትላለች። ሥራው ያ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሻይ ሰዓት ነው።

የነጌሌዋ ሴት ክብርት እትዬ በዛብሽ ናቸው። ማዕረጋቸው የሴቶች ልማት ቡድን መሪ፣ ደመወዛቸው ባዶ፣ ግዛታቸው ከመናኸሪያው እስከ ከብት ገበያው። የፖሊዮ ዘመቻ ሲመጣ ከክትባት ሠራተኞቹ ቀድመው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ወደ ሻኪሶ ሊነሳ ጥሩንባ የሚነፋውን አውቶቡስ አስቁመው፣ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ነፍሰ ጡር «ለክትትል የት ነው የምትሄጂው?» ብለው አዋከቧት። ሹፌሩ ሲቆጣ የእሱንም ልጆች መዘገቡ። ሠርግ ቤት ሙሽራይቱን ስመው ከመረቁ በኋላ ስለ እርግዝና ክትትል ቀጠሮ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ሙሽራው አፍሮ መሬት መሬት ሲያይ፣ «አንተም ትመጣለህ፤ ባል ካልመጣ ወረፋ አይሰጥም» አሉት። እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ግን ሄደ።

በገበያው ዳር ሩዝና ስኳር የምትሸጠው ሸምሳ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ ከጎረቤት ሱቅ «አካም! ናጋ?» የሚለውን የእትዬ በዛብሽን ሰላምታ በሰማች ቁጥር ከስኳሩ ማዳበሪያ ጀርባ ትቀመጣለች።

«ሸምሳ!» ይላሉ እትዬ በዛብሽ ደጃፉ ላይ ቆመው። «ከስኳሩ ኋላ ያለሽው!»

«የለሁም እትዬ።»

«ካለሽበት ሆነሽ መልሺልኝ። ሀሚዳ ስንት ዓመቷ ነው?»

ሀሚዳ የሸምሳ ልጅ ናት። በመስከረም ስድስት ዓመት ይሞላታል። ሰውነቷ የአራት፣ ምላሷ የአርባ። በዚያ ነሐሴ ሸምሳ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል፤ ሀሚዳ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ብቻ የዘይቱን ጀሪካን ከፍታ ሱቁን አጥለቅልቃለች። አራስ ሆና ይህችን ልጅ እንዴት እንደምትይዝ ሸምሳ አታውቅም። የግሉ መዋዕለ ሕፃናት ከከተማው ማዶ ነው።

«የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ዜሮ ክፍል ከፍቷል» አሉ እትዬ በዛብሽ። «ከአንደኛ ክፍል በፊት አንድ ዓመት የሚማሩበት። በነፃ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።»

ሸምሳ ከማዳበሪያው ጀርባ ብድግ አለች። ቀድሟት የተናገረው ግን ሚዛኑ ጋ የቆመው ባሏ ዓብዱልባሲጥ ነው።

«ዜሮ? ልጄ ገና ሳትፈተን ዜሮ ይሰጧታል?»

«የክፍሉ ስም ነው እንጂ ውጤቷ አይደለም።»

«ሰፈሩ ምን ይላል? "የዓብዱልባሲጥ ልጅ ዜሮ ናት!" ለምን ግማሽ አላሉትም? ግማሽ እንኳ ያባት ነው።»

እትዬ በዛብሽ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሚዛን ጠቆሙ። «ዕቃ ሳታስቀምጥበት ስንት ያነባል?»

«ዜሮ።»

«አምስት ቢያነብስ?»

ዓብዱልባሲጥ ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለ። ሸምሳ መለሰችለት፦ «ሌባ ሚዛን ነዋ!»

«እንግዲህ ልጅህን ከሌባ ቁጥር ነው የምታስጀምራት?» አሉና ሳይፈቅድላቸው ስሟን ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ዓርብ ጠዋት ሸምሳ ልጇን አሳመረች። የልደት ወረቀት የላትም፤ ስለዚህ ልጅቷ ትልቅ መምሰል አለባት። ሹሩባዋን አናቷ ላይ ሰብስባ፣ በጥቁር ክር ጠምጥማ፣ እንደ ኩይሳ ቆለለችው። ሀሚዳ አንድ ስንዝር ረዘመች። ሸምሳ በሥራዋ ኮራች።

ትምህርት ቤት ሲደርሱ ግን የርዕሰ መምህሩ የአቶ ዳባሶ መለኪያ ቁመት አልነበረም። ወረቀት የሌለው ልጅ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፣ ካልነካ አልደረሰም። ሀሚዳ እጇን ዘረጋች። ክንዷ በሹሩባው ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ማዶ ሳይወርድ አለቀ።

«ሂን ጌኜ» አሉ አቶ ዳባሶ። «አልደረሰችም። ለከርሞ ትምጣ።»

ለከርሞ! ሸምሳ ሆዷን ይዛ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ጊዜ ጋሼ ዳባሶ» አሉ ከኋላ እትዬ በዛብሽ። «እርስዎ የለኩት ልጅቷን ነው ወይስ ፀጉሯን?»

«እጇን ነው የለካሁት።»

«እጇማ ተራራ ሲወጣ ደከመው። ሸምሳ፣ ምን ሆነሽ ነው ይህን የቆለልሽባት?»

«ትልቅ እንድትመስል ብዬ...»

«አስረዘምሻትና አሳጠርሻት!»

ሀሚዳን ጭናቸው መሃል አስቀምጠው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ሹሩባውን ፈቱ። በር ላይ ካለው በርሜል ውኃ ጨልፈው ፀጉሯን አርሰው ከአናቷ ጋር አጣበቁት። ሀሚዳ ጮኸች፣ ተራገጠች፣ «ፖሊስ እጠራለሁ!» አለች። «ጥሪው፤ ልጆቹን አላስመዘገበም» አሏት። ወረፋ የያዙት እናቶች በሳቅ ፈረሱ። አቶ ዳባሶ ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ፤ ግን ጠበቁ።

«በይ አሁን።»

እጇ በአናቷ ላይ ተንሸራተተ። የመሃል ጣቷ ጫፍ የጆሮዋን አናት ነካ። ወዲያው ለቀቀ። እንደገና ነካ።

«ጌሴ!» አለች አንዲት እናት ከወረፋው። «ደረሰች! ጌሴ!»

አቶ ዳባሶ መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ ብለው አዩ። «ጥፍር ነው የነካው።»

«ጥፍር የማን ነው? የጎረቤት?» አሉ እትዬ በዛብሽ።

ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸውን በሳል አስመስለው ቅጹን አወጡ። የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ። ሸምሳ እየመለሰች እንባዋን በሻሿ ጫፍ ታብሳለች። በዚህ መሃል እትዬ በዛብሽ ወደ ወረፋው ዞረው የቀሩትን ሹሩባዎች ሁሉ እያስፈቱ ነበር።

«እናት ከሌለች ልጅቷን ከትምህርት ቤት የሚወስድ ዘመድ?» ሲሉ ጠየቁ አቶ ዳባሶ።

ሸምሳ ወደ ወረፋው ዞራ ያንን ክር የሚበጥስ ጥርስ አየች።

«እትዬ በዛብሽ።»

ርዕሰ መምህሩ የሸምሳን ሻሽ፣ ከዚያ በእትዬ በዛብሽ አንገት ላይ ያለውን ማተብ ተመለከቱ። «ዝምድና?»

«አክስቷ ናቸው።»

«በእናት ወይስ በአባት በኩል?»

«በምዝገባ በኩል» አለች ሸምሳ። «ይጻፉት።»