ኢድሪስ የመረገው ግድግዳ

አሮጌ ቤት ሊሸጥ ነው ሲባል ሁሉም ሰው መሐንዲስ ይሆናል። ልብ ብላችሁ አታውቁም? ትናንት የራሱን በር ማጠፊያ ማጥበቅ ያቃተው ጎረቤት ዛሬ መጥቶ ግድግዳችሁን በጣቱ ያንኳኳል። ጆሮውን ያስጠጋል። ከዚያ እንደ ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል። እኛ ሰፈር፣ ካርቱም ዴም፣ ሓጃ ነፊሳ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው የተባለ ሰሞን ያላንኳኳ የለም። ለሌላ ጉዳይ የመጣ እንግዳ እንኳ አንኳኩቶ ነው የሄደው።

እኔ አላንኳኳሁም። ግድግዳውን አውቀዋለኋ! እንዴት እንደማውቀው ነው ዛሬ ልነግራችሁ የተነሳሁት። እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ፊቴን ስለማታዩት ግን ተመስገን ነው።

ሓጃ ነፊሳ አከራዬ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር ፀጉሬ ሸብቷል። የሐበሻ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ሰፈሩ በሙሉ "ኡስታዛ" ይለኛል፤ መምህርት ማለታቸው ነው። ሓጃ ደግሞ "ያ ቢቲ" ይሉኛል፤ ልጄ እንደማለት። ቤታቸው የጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ቤት ደግሞ በየዓመቱ ኸሪፍ፣ ዝናቡ ማለቴ ነው፣ ከመግባቱ በፊት መመረግ አለበት። ጭቃው ከእበት ጋር ይቦካል። እስኪሸት ይቀመጣል። ዚባላ ይሉታል። በእሱ ካልተመረገ ዝናቡ ግድግዳውን እንደ ስኳር ነው የሚያሟሟው።

አሁን ወደ ምስጢሩ። እናቴ ጎጃም ውስጥ የቀበሌውን ቤት ሁሉ የምትመርግ ሴት ነበረች። ሰርግ ያለበት ቤት መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነው። ሙያውን ከስሯ እየተከተልኩ ለመድኩት። ትምህርት ቤት ስታስገባኝ ግን ይህ እጅሽ ሁለተኛ እበት እንዳይነካ አለችኝ። ተማርኩላት። ዲግሪም ያዝኩላት። ካርቱም ድረስ መጣሁ። እና ምን ሆነ መሰላችሁ?

አንድ ዓመት ሓጃ እህታቸውን ሊጠይቁ መደኒ ሄደው ሳለ፣ ግድግዳውን የሚመርገው ሰውዬ ሳይመጣ ቀረ። ሰማዩ ጠቁሯል። ጭቃው ቦክቶ በር ላይ ተከምሯል። የቦካ ጭቃ አይቶ ማለፍ እንዴት ይቻላል? እጄን አሳከከኝ። ገበያ ወጥቼ የወንድ ጀላቢያ፣ ያን ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ገዛሁ። ራሴንና ፊቴን በሻሽ ጠመጠምኩ። አቧራ የሚሸሽ ሠራተኛ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠመጥመው፤ ማንም ዞሮ አላየኝም። በርሜል ላይ ቆሜ እስከ ጣሪያው ድረስ መረግኩት።

ሓጃ ተመለሱ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ማን ነው የሠራው አሉ። ያኔ "እኔ" ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራላችሁም ነበር። አፈርኩ። ኡስታዛዋ እበት አቦካች ተብሎ ሲወራ ታየኝ። ኢድሪስ የሚባል ሰው አግኝቼ ነው አልኩ። እንዴት ያለ ሰው ነው አሉ። ረጅም ነው አልኩ። ዝምተኛ ነው፣ ሰው እያየው መሥራት አይሆንለትም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሓጃ በየዓመቱ መደኒ ሲሄዱ ኢድሪስ ይመጣል። ለእሱ ብለው ትተውለት የሚሄዱትን ተምር የምበላው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቹም አይተውታል። ሰላምታ በእጁ ብቻ ነው የሚመልሰው፣ ጨዋ ሰው ነው ይላሉ። አንድ ጊዜማ ሓጃ ሊድሩት አስበው ሙሽራዋን ሁሉ መርጠው ነበር። ባለትዳር ነው አልኳቸው። ለጥንቃቄ ልጆችም ጨመርኩለት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሁላችንም እግራችን ወዳመራን ተበተንን። ስንመለስ ቤቱ ቆሟል። ግን ስንት ዝናብ ያለ ምርጊት ወርዶበት ፊቱ ተበልቷል። ሓጃም ደክመዋል። ልጃቸው ጀሪፍ ነው የምትኖረው፤ እሷ አጠገብ ትንሽ ቤት ሊገዙ ቆረጡ። አንድ ነገር ግን አሉ። ሙሽራ ሆኜ የገባሁበትን ቤት ለሚያፈርሰው አልሸጥም፤ የሚኖርበት ሰው ይግዛው።

ዑስማን ሳቀ። ዑስማን ደላላው ነው። ያ ሓጃ፣ ይህን ግድግዳ አይቶ እኖርበታለሁ የሚል ማን አለ? ሰው የሚፈልገው መሬቱን ነው አላቸው። ሓጃ እምቢ ሲሉት ግን፣ እንግዲያው ሊኖሩበት የሚፈልጉ ጡረተኛና ሚስቱ አሉኝ፤ ከመምጣታቸው በፊት ፊቱን ሲሚንቶ እናልብሰውና አዲስ ይምሰል አለ።

ሲሚንቶ! ጭቃና ሲሚንቶ እኮ አይዋደዱም። ውሃው በመሃላቸው ይገባል። በመጀመሪያው ዝናብ ሲሚንቶው ጭቃውን ይዞት ይወርዳል። ይህን ሳይንስም ይላል፣ እናቴም ትል ነበር። ለሓጃ ነገርኳቸው። እሳቸውም እንግዲያው ኢድሪስን ጥሪው አሉኝ። ዘንድሮ መደኒ አልሄድም። ወንበሬን አውጥቼ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። እሱን ሳላይማ ከዚህ ቤት አልወጣም አሉ።

ተያዝኩ። ታሟል ልበል? ሲሚንቶው ይመጣል። ሞቷል ልበል? ሓጃ ለቅሶ ይቀመጣሉ፤ ሲሚንቶው ያኔም ይመጣል።

ቀኑ ደረሰ። ሓጃ ወንበራቸው ላይ ተሰየሙ። ጀላቢያ የለ፣ ሻሽ የለ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወገቤ ላይ አሰርኩና በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እጄን እስከ ክርኔ ዚባላው ውስጥ ከተትኩት። ከመንገዱ ማዶ ቅመም የሚሸጡት ያገሬ ሰው፣ እትዬ ዘነቡ፣ ከሱቃቸው ብቅ አሉ።

"ኧረ ቲቸር! ኧረ በማርያም! ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ልትለጥፊው ነው?"

"አዎ እትዬ፣ ሌላ የሚሰቀልበት አጣሁለት!"

ይህን የመለሰው አፍ የእኔ መሆኑ እስከዛሬ ይደንቀኛል።

በመዳፌ እየገፋሁ ከታች ወደ ላይ ወጣሁ። ልክ እንደ እናቴ። ሰው ተሰበሰበ። ዑስማን እንኳ ስልክ ማውራቱን ተወ። ጠርዙን ሳለሰልስ አንዱ "ማሻአላህ!" ሲል ሰማሁ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ኮራሁ። ተማሪዎቼ ፈተና ሲያልፉም እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ጨርሼ ወደ ሓጃ ዞርኩ። ኢድሪስ እኔ ነኝ፣ ድሮም እኔው ነበርኩ አልኳቸው። ተነስተው ግድግዳውን ዳሰሱ። ከዚያ ፈገግ ብለው፣

"ያ ቢቲ፣ በደንብ አስተምሮሻል" አሉኝ።

አስተማረኝ? እኔ ነኝ እኮ ሓጃ! ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ኢድሪስን እኛ በዓይናችን አይተነዋል፣ ረጅም ሰው ነው አሉ። በርሜል ላይ ቆሜ ነበር ብል ማን ይስማኝ? ሓጃ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ አንቺ የጨዋ ልጅ ነሽ፣ የሰው ሥራ የኔ ነው አይባልም አሉኝ።

ጡረተኛውና ሚስቱ መጡ። ሚስትየዋ አላንኳኳችም። ጉንጯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመችና፣ የልጅነቴ ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው አለች። በቃ፣ ገዙት። ይኖሩበታል፤ እኔም ክፍሌ ውስጥ እንዳለሁ ነኝ። ሓጃ ሲያስረክቧቸው ስለ እኔ መናገርም አልረሱ። ኡስታዛ ጎበዝ ናት፣ ዋናው ሰውዬ ላይ ግን አትደርስም አሏቸው።

ጀሪፍ የሄዱ ዕለት አንድ ጥቅል ነገር ሰጡኝ። ለኢድሪስ ስጪልኝ፣ ቤቴን ያቆመልኝ እሱ ነው፤ ሳላየው ሄድኩ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከእንባ ጋር ክርክር ይቻላል? አደርስለታለሁ አልኳቸው።

አዲስ ጀላቢያ ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፉት፣ ያማረ። ለሚመጣው ኸሪፍ ግድግዳውን የምመርገው እሱን ለብሼ፣ ፊቴን ሳልሸፍን ነው። እጅጌው ብቻ ረዝሞብኛል። ማንን እወቅሳለሁ? ኢድሪስ ረጅም ነው ብዬ የነገርኳቸው እኔው ነኝ።