ጋሽ አያሌው ጃፓንኛ ሲተረጉም

ያለቀሰበትን ፊልም ደግሞ ለማየት የሚሄድ ሰው ምን ነክቶት ነው? መጨረሻውን ያውቀዋል። የት ላይ እንደሚስቅ፣ የት ላይ ነጠላውን ወደ ዓይኑ እንደሚያስጠጋ ያውቃል። እኔ ግን አዲስ ፊልም ሳይ ልቤ አያርፍም፤ ሰውየው ይሞት ይሆን፣ ልጅቷ ትጠፋ ይሆን እያልኩ ስሳቀቅ ያልቃል። ፈሪ ሰው ደስ ብሎት የሚያየው ፊልም አይቶ የጨረሰውን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

ላሊበላ ውስጥ እኛ «ሲኒማ» የምንለው አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ አለ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጥሮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጃፓን አኒሜሽን ይታይበታል። ፊልሞቹ ሦስት ናቸው። ሦስቱንም ስንት ጊዜ እንዳየናቸው አትጠይቁኝ። ባለቤቱ ጋሽ አያሌው ማይክሮፎን ይዞ ከአንሶላው ጎን ተቀምጦ ይተረጉማል። ጃፓንኛ አንድ ቃል አያውቅም። ይህ ግን ማንንም አስጨንቆ አያውቅም።

ከሦስቱ አብልጬ የምወደው፣ ጠፍቶ የቀረ ወንድሟን ፍለጋ በበረዶ አገር የምትንከራተት ልጅ ያለችበትን ነው። በጋሽ አያሌው ትርጉም፣ ልጅቷ ዳገት ስትወጣ «ኧረ ይቺስ የነአኩቶ ለአብን ዳገት ታስንቃለች!» ትላለች። ባቡሩ ሲያመልጣት ደግሞ «ጋሸና ላይ ጎማህ ይፈንዳ!» ብላ ሾፌሩን ትራገማለች። እኛም ከአግዳሚው ላይ አብረናት እንራገማለን። ሰው ፊት ስሜን ስጠየቅ የምንተባተብ እኔ እንኳ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ድምፅ አለኝ።

አባቴ ቄስ ናቸው። ሲኒማ እንደምሄድ ያውቃሉ፤ ምን እንደማይ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ማዕድ ቀርቦ፣ አባባ ባርከው «አሜን» ካልን በኋላ፣ ሳላስበው ሁለት መዳፌን አገጣጥሜ ለሽሮው ጎንበስ አልኩለት። ያቺ የፊልሙ ልጅ ከመብላቷ በፊት እንዲህ ታደርጋለች። ከማየት ብዛት እጄ ከእኔ ቀድሞ ተምሮታል።

«ይህ ደግሞ የማን ጸሎት ነው?» አሉ አባባ።

«የ... የጃፓን ነው።»

እናቴን የጎረሰችው አነቃት። አባባ እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ።

«ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ። ደግ ነገር ካልሆነ አንቺም አትሄጂ፣ አያሌውም ያን ቤት ይዘጋዋል።»

ይዘጋዋል ካሉ ይዘጋዋል። የግማሹ ሰፈር የንስሐ አባት ናቸው፤ ጋሽ አያሌውም የንስሐ ልጃቸው ነው።

ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ቅዳሜ ስንገባ ጋሽ አያሌው ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ማይክሮፎኑን እንደ ጧፍ ይዞ ጠበቀን። አባባ ከፊት አግዳሚ ላይ፣ ከእሱ አጠገብ ተቀመጡ። እኔም ከጎናቸው። መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ለመንኳት፤ አልሰማችኝም።

ፊልሙ ተጀመረ። ያቺ ባለፈው ቅዳሜ ሾፌር ስትራገም የነበረች ልጅ፣ በአንድ ሳምንት መንናለች! ዳገቱን ስትወጣ «በስመ አብ» አለች። ባቡሩ ሲያመልጣት «ለበጎ ነው» አለች። ከኋላዬ ልጆቹ አፋቸውን አፍነው ይንፈቀፈቃሉ። ምግብ ቀረበላትና መዳፏን አገጣጠመች።

«አባታችን ሆይን ደገመች» አለ ጋሽ አያሌው ፈጠን ብሎ።

ከዚያ ልጅቷ እንቁላል አነሣች። በዐቢይ ጾም፣ ቄስ ፊት! ጋሽ አያሌውን ላብ አጠመቀው።

«አሁን ደግሞ... ድንቿን ልትበላ ነው።»

ልጅቷ እንቁላሉን ጠርዝ ላይ መታ አድርጋ ሩዙ ላይ አፈሰሰችው። አስኳሉ ፀሐይ አክሎ አንሶላውን ሞላው።

«አያሌው» አሉ አባባ።

«አቤት አባ።»

«ድንች ከመቼ ወዲህ ነው ተሰብሮ የሚፈሰው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባባ አልሳቁም። «ልጅቷ የሰው አገር ሰው ናት፤ የእኛን ጾም አልጾመችም ብዬ አልፈርድባትም። አንተን ግን በንስሐ ልጅነትህ ልጠይቅህ። ለመሆኑ ይህን ቋንቋ ትችላለህ?»

ጋሽ አያሌው ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ። ለንስሐ አባት አይዋሽም።

«አልችልም አባ። አንዲት ቃል እንኳ።»

«እንግዲያው ዝም በል። ዓይን አለን፤ አይተን እንፈርዳለን።»

ያን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጋሽ አያሌው አየነው። ለካ ብዙ ዝምታ አለው። ሰምተነው የማናውቀው የወንዝ ድምፅ ሰማን። ለመናገር ቢያሳፍርም፣ ጋሽ አያሌው «አጎቷ ነው» ይለን የነበረው ጀልባ ቀዛፊ ሽማግሌም አጎቷ አልነበረም፤ ወንዙን አሻገራትና ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት ተመለሰ። ስንት ዓመት በአጎትነት አኑረነው! ግን እኔ ከፊልሙ ይልቅ የማየው የአባባን ፊት ነበር። የአንሶላው ብርሃን ይመላለስበታል እንጂ ምንም አይነበብበትም።

በመጨረሻ ልጅቷ ወንድሟን አገኘችው። ጎልምሷል፤ አላወቃትም። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ በረዶው ትከሻዋ ላይ እየወረደ፣ ረጅም ነገር ነገረችው። በጃፓንኛ። የወንድሟ ዓይን እንባ አቀረረ።

አባባ ጎንበስ ብለው የጋሽ አያሌውን ጉልበት ነካ አደረጉ።

«ምን አለችው?»

«አባ፣ እኔ እኮ ቋንቋውን...»

«እሱን ሰምቻለሁ» አሉ አባባ፣ ዓይናቸውን ከአንሶላው ሳይነቅሉ። «ምን አለችው ነው የምልህ?»

ጋሽ አያሌው ጉሮሮውን ጠረገና ማይክሮፎኑን አነሣ።