የጋሼ ሽብሩን የዳማ ስድብ ለፈረንጅ ስተረጉም

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ አታምኑኝም። የቀራችሁት ደግሞ ከእኔ በፊት ሰምታችሁታል። ያለነው ኮልፌ ነዋ!

ለማታውቁኝ፦ እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪው ነኝ። በዚህ በመምህራን ክበባችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ ወረቀት የምለጥፈውም እኔው ነኝ። ባለፈው ስለ ነፋሳት አቅጣጫ ሳስረዳ ከጽሑፌ ጎን በእርሳስ «ይህኛውስ ነፋስ መቼ ነው የሚያቆመው?» ብሎ የጻፈውን ሰው በእጅ ጽሑፉ ለይቼዋለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ።

ዛሬ ማስረዳት የለም። ዛሬ ውርደት ነው።

ጠዋት፣ ቅዳሜ ስለሆነ ሥራ ፈትቼ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆሜያለሁ። አውቶቡሱ መጣ። አንድ ረጅም ፈረንጅ ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ ወረደ። የወረደበት ሌላ ምክንያት የለውም፤ መንገዱ እዚያ ስላለቀ ነው።

እንግዲህ ኮልፌ ላይ ፈረንጅ ሲወርድ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ምን ያደርጋል?

ክራባቱን ያስተካክላል። አስተካከልኩ።

ስሙ ፒተር ነው። ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ ሲመለስ ጅቡቲ ወርዶ በባቡር አዲስ አበባ የገባ መንገደኛ ነው። ምን ልርዳዎት ስለው ፓርክ እፈልጋለሁ አለኝ።

ፓርክ! ኮልፌ ላይ!

ግራ መጋባቴን ሲያይ ነገሩን ከሥሩ ጀመረልኝ። ሆንግ ኮንግ በምትባለው የቻይኖች ከተማ ሰንብቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከተማው መሐል ወዳለው ፓርክ ይሄዳል። እዚያ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ተሰልፈው እጃቸውን በቀስታ እያወዛወዙ ስፖርት ይሠራሉ። አንዳንዱ ወፉን ከነሽቦ ጎጆዋ ይዞ መጥቶ ዛፍ ላይ ይሰቅላታል፤ እሷም አየር እንድትቀበል። የቀሩት ደግሞ የድንጋይ ጠረጴዛ ከበው የአገራቸውን ቼዝ ይጫወታሉ።

ፒተር ቆሞ ሲያይ አንድ ሽማግሌ እጅጌውን ስቦ አስቀመጠው። እሱ የእነሱን ቋንቋ አይችል፣ እነሱ የእሱን አይችሉ። ሲሳሳት ሽማግሌው እጁን በጥፊ ይመታዋል፤ ሲያምርለት ሻይ ይቀዳለታል። በዚህ ሁኔታ ወዳጅ ሆኑ። የከተማውን ሕንፃ ሁሉ ረስቼዋለሁ፣ ያን ጥፊ ግን አልረሳውም አለኝ። ከዚያ ወዲህ የረገጠው አገር ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሽማግሌዎቻችሁ የሚቀመጡት የት ነው?

እኔም በፓርክ፣ በሜዳና በግጦሽ መሬት መካከል ያለውን ልዩነት በዝርዝር አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ጨዋ ሰው ነው።

ማስረዳቴን ሳልጨርስ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ። ባልመጣ!

ወይዘሪት ጽጌን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ሁለተኛ ክፍል የምታስተምረዋን። ሽማግሌ ልልክ ማሰቤንም ታውቃላችሁ፤ ምሥጢር ነው ብዬ ነበር የነገርኳችሁ። አማላጆቹን መርጫለሁ። እሷም ከእኔ ጋር ስትሄድ ፊቷን አታዞርም። የቀረኝ የአባቷ የጋሼ ሽብሩ ልብ ብቻ ነው። ጋሼ ሽብሩ እኔን የሚያውቁኝ «ያ የሚያስረዳው ልጅ» በሚል ነው።

ጋሼ ሽብሩ የባሕር ዛፍ አጣና ነጋዴ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከአጣናው ክምር አጠገብ፣ ከጥዱ ሥር ዳማ ይጫወታሉ። ኮልፌ ላይ የሚያሸንፋቸው የለም። ከቀራንዮ ድረስ እየመጡ ተሸንፈው የሚመለሱ አሉ።

ይታያችሁ እስቲ። ፈረንጅ አስከትዬ ስመጣ! በሰዉ ሁሉ ፊት እንግሊዝኛውን ሳንቆረቁረው! ጋሼ ሽብሩ «ለካ ይሄ ልጅ እንዲህ ኖሯል» ሲሉ በዓይኔ ታየኝ። ፒተር ሽማግሌዎቹን ያገኛል፣ እኔ አማቴን አገኛለሁ።

እየሄድን የዳማን ሕግ አስረዳሁት። ቆርኪ እንዴት እንደሚሄድ፣ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚነግሥ፣ ምንም አላስቀረሁም።

አንድ ነገር ብቻ አስቀረሁ።

ዳማ በእጅ ብቻ እንደማይጫወቱት እናንተ ታውቃላችሁ። ከእጅ በፊት ምላስ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ይሰድባል፣ አንዱ ይመልሳል፣ ዙሪያውን የቆመው ይፈርዳል። ዳማ ላይ ያልተሰደበ ሰው ድግስ ተጠርቶ ወጥ እንዳልወጣለት ነው። ለፒተር መነገር የነበረበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ሳስረዳ ኖሬ ማስረዳት በነበረብኝ በአንዱ ቀን ዝም አልኩ!

ለምን? አፈርኩ። አገራችንን በስድብ እንዲያውቃት አልፈለግኩም። የተማረ ሰው መቼም ለአገሩ ሁልጊዜ ክራባት ሊያስርላት ይፈልጋል።

በምትኩ አንድ የአማርኛ ቃል አስተማርኩት። «አመሰግናለሁ»። ቶሎ ያዛት።

ጥዱ ሥር ስንደርስ ሰዉ ቦታ ለቀቀልን። ፒተር አጭር የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። እኔ በመሐላቸው ተሸጎጥኩ። ጋሼ ሽብሩ እንግዳውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ቆርኪያቸውን ደረደሩ፣ ጀመሩ።

«ባሕር አቋርጠህ የመጣኸው ለመበላት ነው? እዚያው አገርህ የሚበላህ ጠፋ?»

ሰዉ ሳቀ። ፒተር ወደ እኔ ዞረ። እኔም በእንግሊዝኛ፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ ጉዞው አላደከመህም ወይ ይሉሃል አልኩት።

ፒተር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«አመሰግናለሁ።»

ከዚያ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

ጋሼ ሽብሩ አንድ ቆርኪ በሉበት። «ይህቺን አግብቻታለሁ። አንተ ደግሞ ጥሎሽ ቆጥረህ ተቀበል።» ሸሚዝህን ወደውታል አልኩት። «አመሰግናለሁ» አለ፣ ኮሌታውን እየነካ።

«ይሄ እጅ ነው ወይስ እርጥብ እንጨት? ክረምት ላይ ብትነድ እንኳ ጢስ እንጂ እሳት የለህም!» እጅህ ጠንካራ ነው ብለዋል አልኩት። እጁን ገልብጦ አየው። «አመሰግናለሁ።»

በዚህ ጊዜ ሰዉ አጣናው ላይ ተደግፎ ዓይኑን ይጠርጋል።

ፒተር ጠጋ ብሎ፣ ያ የፓርኩ ሽማግሌ ሲሰድበኝ ቢያንስ እንደተሰደብኩ አውቅ ነበር፤ እዚህ ሰዉ እንዲህ የሚንፈራፈረው በሸሚዜ ነው? አለኝ። ሕዝባችን ሸሚዝ በጣም ያከብራል አልኩት። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

በወዲያ በኩል ደግሞ ጋሼ ሽብሩ ፊታቸው እየከበደ መጣ። ስድብ ወርውረው ስድብ አልመለስ አላቸው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው የማይመልስልኝ? ንቆኝ ነው?»

በአገሩ ልማድ አለመመለስ ታላቅ አክብሮት ነው አልኳቸው። የት እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ።

አሁን ሁኔታውን ተመልከቱልኝ። ሁለት ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠዋል። ሁለቱም መነጋገር ይፈልጋሉ። በመሐል ክራባት ያሰረ ግድግዳ አለ። ግድግዳው እኔ ነኝ። በራሴ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ የባሰው መጣ።

ፒተር ጎበዝ ኖሯል! ያ ሁሉ ጥፊ በከንቱ አልሄደም። ቆርኪዎቹን በፀጥታ አሰለፈ፣ በፀጥታ በላ፣ ደገመ። የጋሼ ሽብሩ ሰልፍ ሳሳ። ስድባቸውም ሳሳ። ሰዉ መሳቁን ትቶ አንገቱን አሰገገ። ከኋላ አንዱ «ዛሬ ጋሼን ጉድ ሊያደርጋቸው ነው» ሲል ሰማሁ።

ሽማግሌ የምልክባቸው ሰው እኔው ጎትቼ ባመጣሁት ፈረንጅ በሠፈራቸው መሐል ሊሸነፉ ነው!

ወደ ፒተር ጆሮ ጎንበስ አልኩ። በእኛ ባህል እንግዳ ሽማግሌን በአደባባይ አያሸንፍም፤ እባክህ ተሸነፍላቸው አልኩት።

ፒተር ከሰሌዳው ቀና አለ። ይህን በዚያ በፓርኩ ሽማግሌ ላይ ባደርግ ጠረጴዛውን በላዬ ላይ ይገለብጠው ነበር አለ።

ይህ ቻይና አይደለም፣ እኛ ጨዋ ሕዝብ ነን አልኩት።

ትከሻውን ሰበቀ። እሺ፣ አገርህን የምታውቀው አንተ ነህ አለኝ።

አገሬን የማውቀው እኔ ነኝ!

ፒተር አንዲት ቆርኪ ገፍቶ የጋሼ ሽብሩ አፍ ውስጥ ከተታት። በሉ። ሌላ ከተተ። ትንሽ ዘገዩ፣ ግን በሉ። ሌላ ሲከትት እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ቆርኪዋን አዩ። ፒተርን አዩ። ከዚያ እኔን።

«ምንድን ነው ያልከው?»

«ስለ አየሩ ነው፣ ጋሼ።»

«አየሩ ምን ሆነ?»

«ምንም። ደህና ነው።»

«አየሩ ደህና ከሆነ ይሄ ሰውዬ በደህናው አየር ምን ነካው?»

የሳቀ የለም። ይህን ልብ በሉ፤ ዳማ ላይ ሳቅ ሲጠፋ ነገር አለ ማለት ነው።

ጋሼ ሽብሩ የበሏቸውን ቆርኪዎች አንድ በአንድ እያነሱ ወደነበሩበት መለሱ፤ የኔ ሹክሹክታ ከመጀመሩ በፊት ወደነበሩበት። ሲጨርሱ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ተነስ ልጄ። ጥላህ ሰሌዳው ላይ ወድቋል።»

ተነሳሁ። የፒተርን ሻንጣ ታቅፌ ከኋላ ቆምኩ።

ጋሼ ሽብሩ ሌባ ጣታቸውን ፒተር አፍንጫ ሥር አቆሙ። ያቺኑ የእርጥብ እንጨት ስድብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ረጋ ብለው ሰደቡት። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ እሱ ዘረጉ፤ ተራው ያንተ ነው ለማለት።

አስተርጓሚ የለ። ማብራሪያ የለ።

የፒተር ፊት በራ! አንዲት ቆርኪ አነሳ፣ ሰሌዳው ላይ አጮኻት፣ ከዚያ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። እንግሊዝኛ አይደለም። አማርኛ አይደለም። ያ የፓርኩ ሽማግሌ ሲለው የኖረ ይመስለኛል። አንድም ቃል የገባው ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ሰዉ ግን እየተያየ «ይሄማ ከባድ ነው» ተባባለ።

ጋሼ ሽብሩ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ።

«ኧረ ሰውዬው አፍ አለው! ልጁ ነው እንጂ አፍኖት የነበረው!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከአጣናው ክምር ኋላ ሆኜ ነው ያየሁት። እሳቸው ይሰድባሉ፣ እሱ ይሰድባል፣ ሰዉ ይፈርዳል። ሲሳሳት እጁን በጥፊ መቱት። ፒተር የተመታ እጁን ወደ እኔ ወደላይ አነሳና አሳየኝ፤ እንደ ሽልማት!

በመጨረሻ ጋሼ ሽብሩ ተሸነፉ። በሠፈራቸው መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ ተሸነፉ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ የፒተርን ትከሻ አቅፈው ወደ ቤታቸው ለምሳ እየወሰዱት ነው። እንደዛሬ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ሻንጣውን ተሸክሜ ተከተልኩ። በሩ ላይ ጽጌ ቆማለች። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«አባቴን ደስ ልታሰኝ ብለህ ነው?» አለችኝ።

አዎን አልኳት፤ ይህ እንኳ ያድነኛል ብዬ።

«እስከ ዛሬ ለእኔ ያልከኝስ? እሱም እንደ አየሩ ነው?»

ክራባቴን አስተካከልኩ።

ጋሼ ሽብሩ ተመልሰው መጥተው ሻንጣውን ከእጄ ወሰዱ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ሽማግሌ ልትልክ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ይቆዩ፤ አስቀድመህ አንተ ና። የሚመጣው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ትቀመጣለህ። አሸንፈኝ አላልኩህም። ግን አንዲት ቆርኪ አውቀህ ብትለቅልኝ፣ ልጄን እርሳት።»

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ፒተር «አመሰግናለሁ» ሲል ሰማሁ። ወጥ ወጥቶለት መሆን አለበት።

ፍርዱ ትክክል ነው ትሉ ይሆናል። ነው። ይግባኝ የለኝም። ከእንግዲህ በሁለት ሰዎች መሐል ገብቼ አንዱን ለሌላው አላሳምርም፤ ይህ የተማርኩት ትምህርት ነው፣ ለእናንተም በነፃ ሰጥቻለሁ።

የቀረኝ አንድ ትንሽ ችግር ነው።

እኔ ዳማ አልችልም።

ሕጉን አውቃለሁ፤ እንዳያችሁት አስረዳለሁ። ተቀምጬ ግን በሕይወቴ ሰው አሸንፌ አላውቅም። እጄ ሁልጊዜ ቆርኪዋን የሚገፋት ወደሚበላት ሰው አፍ ነው። ቅዳሜ ጥዱ ሥር ተቀምጬ፣ ያለኝን አእምሮ ሁሉ አሟጥጬ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ከልቤ እሸነፋለሁ።

ወገኖቼ፣ ከዛሬ በኋላ ከልቤ መሸነፌን ማን ያምነኛል?