አቶ ጎበናና ድምፅ የሌላት መኪና

የአቶ ጎበና አንድ ተራ ቀን አንድ ሊትር ቤንዚን፣ ሁለት አሮጌ ጨርቅና የሦስት ጎረቤት ትዕግሥት ይፈጃል። ቤንዚኑ ከግቢያቸው ለማይወጣው ቮልስ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አስነስተው ያዳምጡታል። የቀረው እኛ ላይ ያልቃል።

የመኪና ኮፈን በተከፈተበት ሁሉ ሳይጠራ የሚደርስ ሰው የሌለው ሰፈር የለም። የየካ ሚካኤሉ፣ ክቡር አቶ ጎበና ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የሞተር ሊቅ። ሰርግ ቤት እንኳ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ የሚሉት የሙሽራውን መኪና ነው።

ትምህርታቸው አይለወጥም። "ቤንዚን መኪና አይገፋም" ይላሉ። "ሞተሩ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ካንዴላው ይለኩሰዋል። ፒስተኑን የሚገፋው ሲቃጠል የሚለጠጠው ትኩስ አየር ነው። ከዚያ ጭሱን ይተፋል።" ቀጥለው ሰው መመደብ ይጀምራሉ።

"ናፍጣ ካንዴላ አይፈልግም፤ አየሩ ሲታመቅ ስለሚግል ራሱ ይቀጣጠላል። አንቺ ፀዲ፣ ናፍጣ ነሽ። ጫና ሲበዛብሽ በራስሽ ትነሺያለሽ።"

"ባሌስ፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ሊሊሳ ቤንዚን ነው። ካልለኮስሽው አይነሳም።"

ሊሊሳ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ክርኑን ስነካው ነው የሳቀው።

አምና ሊሊሳ ሰው የሚያመላልስባት መኪና የእንጦጦን ዳገት አልወጣም አለች። ጋራዥ ወሰድናት፤ ሞተሩ ይውረድ አሉን። ለእኛ ይህ ማለት አንድ ወር ያለ ገቢ መቀመጥ ነው፤ ልጃችን ደግሞ ገና ስድስት ወሯ ነበር። አቶ ጎበና ጆሯቸውን አስጠግተው፣ "አልታመመችም፤ ታፍናለች። ቤንዚኑ አየር አጥቶ በደንብ ሳይቃጠል ነው የሚወጣው" አሉ። የአየር ማጣሪያውን አውጥተው አሳዩን፤ አፈር ጠግቧል። በአዲስ ቀየርነው፤ ዳገቱን ወጣች። የጠየቁን ክፍያ ሌላ የአንድ ሰዓት ትምህርት ብቻ ነበር።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን ሕዝቅኤል የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ መጣ። አቶ ጎበና ኮፈኑ ላይ ጆሯቸውን ደቅነው ቆዩ።

"አስነሳት እንጂ።"

"ተነስታለች፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ድምፅዋስ?"

"በባትሪ ነው የምትሄደው። የሚቃጠል ነገር የላትም።"

መኪናዋ ኮሽ ሳትል ሄደች። እሳቸውም ጨርቃቸውን አጥፈው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቮልሱ ሲነሳ አልሰማሁም። ሊሊሳ ሆነ ብሎ በራቸው ላይ ኮፈን ቢከፍትም ብቅ አላሉም። በቀደም በአጥሩ በኩል ሳናግራቸው፣ "ከእንግዲህ እኔን ማን ይጠይቀኛል፣ ልጄ?" አሉኝ። ሊሊሳንም "ጎረቤትህ ስለሆንኩ አዝነህልኝ ነው ኮፈኑን የከፈትከው" ብለውታል።

ስለዚህ እናንተ የማያውቋችሁ፣ ቤንዚን ወይም ናፍጣ የምትጠጣ መኪና ያላችሁ፣ በየካ ሚካኤል ስታልፉ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው አረንጓዴ በር ፊት ቆም በሉልኝ። ምንም ባይጎድላትም ኮፈኑን ክፈቱ። ክላክስ አድርጉና ሲወጡ "ምን ይመስልዎታል?" በሏቸው። ብቻ የማትቸኩሉበት ቀን ይሁን።