አማቴን ከተማ ያሳየሁ ሰሞን

የዋና ከተማ ሰው ዋና ከተማውን የሚያየው እንግዳ ሲመጣበት ነው። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሙዚየም የገባችሁት መቼ ነው? ትምህርት ቤት በሰልፍ ወስዷችሁ ካልሆነ፣ ከአገር ቤት የመጣ አጎት ይዛችሁ ነው። እኔ ደግሞ የባሰብኝ ነኝ፤ የማስጎበኘው የማልኖርበትን ከተማ ነው። ቤቴ ቡራዩ ነው። ዘመድ ሲደውል ግን «አዲስ አበባ ነኝ» እላለሁ። ሰበታ የሚኖረው የሥራ ባልደረባዬም እንደዚሁ ይላል። ለዓመታት በዚህ የተቸገረ ሰው አልነበረም። ከተማውን በዙሪያው ባለ የገበሬ መሬት ላይ የሚያሰፋ ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር መጥቶ፣ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ የሆነ ሰሞን ግን፣ «ከተማው የት ላይ ነው የሚያልቀው?» ማለት የጂኦግራፊ ጥያቄ መሆኑ ቀረ። የሰው ሕይወት የጠፋበት ጥያቄ ሆነ።

አማቴ አባባ ተገኘ ከጎጃም የመጡት ታዲያ በዚያው ሰሞን ነው። የሚስቴ እናት ካረፉ ወዲህ ከበሬዎቻቸው ጋር ብቻቸውን ቀርተዋል። ሚስቴ የሺ ቁርጥ አድርጋ ወስናለች፦ በሬዎቹን ሸጠው፣ መሬቱን ለእህታቸው ልጅ ትተው እኛ ጋ ይጠቃለላሉ። «አባባን አዙረህ አሳያቸው፤ ከተማውን ሲያዩ ልባቸው ይከጅላል» አለችኝ። እንግዲህ ሥራዬ ማስጎብኘት ሳይሆን ማግባባት ነበር ማለት ነው።

አልሆነልኝም። ድንቅነሽን አሳየኋቸው፤ አጥንቷን በመስተዋቱ አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁና «ዘመድ የላትም እንዴ? ቢቀብሯት ምን አለ?» አሉ። በድልድይ ላይ በሚሄደው ባቡር አሳፈርኳቸው፤ መውረጃችን ሲደርስ አጠገባቸው የቆመውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ «በሉ ደኅና ዋሉ» ሲሉ በሩ ተዘጋብን። ፎቁንም አስፋልቱንም አይተው የሚሉት «ደግ ነው» ብቻ ነው። «ደግ ነው» ማለት በእሳቸው አነጋገር በቃኝ ማለት እንደሆነ እኔና የሺ አሳምረን እናውቃለን።

በሦስተኛው ቀን፣ ንጹሕ አየር እንኳ ቢያገኙ ብዬ በአዲሱ ገበያ አድርገን ሱሉልታ ወጣን። መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቻለሁ፤ ማለት የታክሲው ረዳት «ዛሬ ሰላም ነው ፋዘር» ብሎኛል። ከሚኒባሱ ወርደን ጥቂት እንደሄድን አባባ ተገኘ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። የታጨደ የገብስ ማሳ አይተዋል። የአገራቸው ገበሬ መልካም መሬት ሲያይ እንደሚያደርገው፣ ዳር ዳሩን በእርምጃ ይለኩት ጀመር። ስንት ጥማድ እንደሚወጣው ካላወቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። «ስድሳ አራት! ያዝልኝ» አሉኝ። ታዛዥ አማች ነኝ፤ እስክሪብቶ አውጥቼ ጻፍኩ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ምልክት እንዲሆናቸው ዱላቸውን ተከሉ።

እስቲ በእግዜር፣ ከሩቅ ሆናችሁ እዩን። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ችካል ተተክሏል!

ሰው ከየት እንደፈለቀ አላውቅም፤ ቀና ስል ተከበናል። ከፊት የቆሙት መንሽ የያዙ ሽበታም ሰው የማሳው ባለቤት ኦቦ ቱሉ መሆናቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። «ማል በርባዱ? ምን ፈለጋችሁ? ማነው የላካችሁ?» አሉ። «እንግዳ ላስጎበኝ ነው» አልኩ። አንዲት ሴት «ምኑን? የእኛን መሬት?» አለች። ሙዚየሙ አልቆብኝ ነው ልበላት? ወረቀቱን አምጣ ተባልኩ፤ ሰጠሁ። ስድሳ አራት፣ አርባ ሁለት ይላል። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል?

አባባ ተገኘ ምኑም አልገባቸውም። ሰዉ እንግዳ ሊቀበል የመጣ መስሏቸው ሰላምታውን አዳርሰው ሲያበቁ፣ «ባለቤቱ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ቱሉ፣ መንሹን ጠበቅ አድርገው።

«ታዲያ ምነው ቦይ አያወጡለትም? በታች በኩል ውኃ ተኝቶበት ገብሱ ቀጭጮ እንደነበር ያስታውቃል እኮ! እንዲህ ያለ መሬት ይዞ መስነፍ ነውር ነው።»

አለቀልን አልኩ። ኦቦ ቱሉ አማቴን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸውና ወደ ሰዉ ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ፈዝዤ መቅረቴን አይተው በአማርኛ ደገሙልኝ፦ «ቀያሽ ይለካል እንጂ አይቆጣም።»

ሰዉ ተበተነ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ድንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ይወስዱታል ይላሉ፣ አይወስዱትም ይላሉ» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ከተማ ውስጥ ነህ ይሉኛል፣ ደግሞ ውጪ ነህ ይሉኛል። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።» ወደ እኔ ዞሩና የት እንደምኖር ጠየቁኝ። «ቡራዩ» አልኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በኩራት።

«ቤትህ ያለበት መሬት የማን ነበር?»

ደላላውን አውቀዋለሁ። ገበሬውን ግን አላውቀውም፤ ሰባት ዓመት ስኖርበት ጠይቄም አላውቅ። ኦቦ ቱሉ ፊታቸውን ወደ ማሳቸው መለሱ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ ተገኘ ነገሩ ገና አሁን ገባቸው። «እኔም እንደ እርስዎ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው፤ «መሬቴን ልቀቅ ተብያለሁ።»

«መንግሥት ነው?»

«ልጄ ናት። በእርስዎ የመጡብዎ በፕላን ነው፤ በእኔ የመጡብኝ በፍቅር ነው። በፍቅር ሲመጡብዎ ደግሞ እምቢ አይባልም።»

«ይባላል» አሉ ኦቦ ቱሉ።

በማግስቱ ማለዳ አባባ ተገኘ በጎጃም አውቶቡስ ወደ በሬዎቻቸው ተሳፈሩ። የሺ አልቅሳ ስታበቃ በእኔ ላይ ዞረች። «እኔ አሳያቸው ያልኩህ ከተማውን ነው! ሱሉልታ ውሰዳቸው ያለህ ማነው?»

«እሱም እኮ ከተማው ነው ይላሉ» አልኳት።